የጉንጭ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ አዘጋጅቶ መመልከት፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ሥዕል የሚያደርስ ዝርዝር መመሪያ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሰውን ሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ጉንጭ ውስጥ በወሰደው ናሙና ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪ ድፍን ሰማያዊ ነገር፣ የአየር አረፋ ወይም ባዶ ነጭ ብርሃን ብቻ ተመልክቶ፣ በመጨረሻ የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል ገልብጦ ያስረክባል። ለዚህ ውድቀት ማይክሮስኮፑ አርጅቷል እየተባለ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ያለው ዓይን ሌንሱን ከመንካቱ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ነው፦ ናሙናው በዝቷል፣ ቀለሙ በዝቷል ወይም ብርሃኑ በዝቷል። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳያዛቡ ይከተሉ፤ አንድ ደረጃ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ እዚያው ደረጃ ላይ ተጽፏል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚሰናዱ ነገሮች

የሚከተሉትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያቅርቡ፦

- ባለ 4፣ ባለ 10 እና ባለ 40 ኦብጀክቲቭ ሌንስ (ወደ ናሙናው የሚጠጋውና ምስሉን 4፣ 10 ወይም 40 እጥፍ የሚያጎላው ሌንስ) ያለው ማይክሮስኮፕ
- የመስታወት ስላይድ (ናሙናው የሚቀመጥበት) እና ከቨር ስሊፕ (ናሙናውን የሚሸፍነው ስስ መስታወት)
- ከማሸጊያው አዲስ የወጣ የጆሮ ጥጥ ወይም ስቴኪኒ
- ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም 0.9 በመቶ ጨው የሟሟበት ውሃ
- ሜቲሊን ብሉ ቀለም
- ድሮፐር ወይም መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅ
- ሶፍት፣ አልኮልና ትንሽ ቫዝሊን
- በረኪናና ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ነጭ ወረቀትና የሚያሳይ ግልጽ ማስመሪያ

ሳላይኑ። የሰው ሕዋስ እንደ ተክል ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ የለውም። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ሕዋሱ ያብጣል፤ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ይጨማደዳል። 0.9 በመቶ የሆነው ጨው ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚመጣጠን ሕዋሱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ሳላይኑን ከመድኃኒት ቤት ሲገዙ «ግሉኮስ» ብለው አይጠይቁ፤ በከተማችን ማንኛውንም የሚንጠለጠል ፈሳሽ በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ስለሆነ ስኳር ያለበት ሊሰጥዎ ይችላል። በጠርሙሱ ላይ 0.9 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ የሚል መጻፉን ያረጋግጡ። ሚዛን ካለዎት 0.9 ግራም ጨው በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙተው ራስዎ መሥራት ይችላሉ።

ቀለሙ። 1 ግራም ሜቲሊን ብሉ በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙተው 1 በመቶ የሆነ ወፍራም ቀለም ይሥሩ። ከዚህ 1 እጅ ወስደው በ9 እጅ የተጣራ ውሃ ያቅጥኑት፤ ለስላይዱ የሚያገለግለው ይህ 0.1 በመቶ የሆነው ቀጭን ቀለም ነው። ወፍራሙን በቀጥታ ስላይድ ላይ ማድረግ ለሰማያዊ ድፍን ዋናው ምክንያት ስለሆነ ሁለቱን ጠርሙሶች ለየብቻ ይጻፉባቸው፤ ወፍራሙንም ከተማሪዎች ጠረጴዛ ያርቁ። ቀለሙ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስለሚያበጅ፣ ከመጠቀምዎ በፊት በማጥለያ ወረቀት ወይም በድሮፐሩ አፍ ላይ በተጠቀጠቀ ጥጥ ያጥልሉት።

የቧንቧ ውሃ ለማቅጠኛ አይጠቀሙ። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ማዕድን የበዛበት ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት በስላይዱም ላይ ሲደርቅ ይቀራል፤ ተማሪውም ያንን ቅርፊት የሕዋስ ክፍል አድርጎ ይስለዋል።

ሜቲሊን ብሉ ከጠፋ፣ ለቁስል የሚሸጠው ጄንሺያን ቫዮሌት፣ በተለምዶ ጂቪ የሚባለው፣ ይተካዋል። ነገር ግን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ 1 ጠብታውን በ10 ጠብታ የተጣራ ውሃ ያቅጥኑትና ናሙናው ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አያቆዩት። አዮዲንም ያገለግላል፤ ኒውክለሱን (ዲኤንኤ የያዘውን የሕዋሱን ክፍል) ቢጫ ወደሆነ ቡናማ ይቀይረዋል፣ ሆኖም ልዩነቱ እንደ ሜቲሊን ብሉ ጎልቶ አይታይም። ሦስቱም ቀለሞች ልብስና እጅ ያቆሽሻሉ፤ በቆዳ ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በሳሙናና በውሃ ይጠቡት።

ሰዓቱ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ይኸው ሥራ በሁለቱ ከተሞች እኩል አይሄድም። በሐረር ስላይዱ ተዘጋጅቶ ተማሪው ተረጋግቶ የሚስልበት ጊዜ ይኖረዋል። በድሬዳዋ ግን፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ከከቨር ስሊፑ ሥር ያለው ፈሳሽ ሥዕሉ ሳያልቅ ይደርቃል። ስለዚህ የድሬዳዋ መምህር የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜውን የሚመርጥበት ዕድል ካለው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ያድርገው፤ ማራገቢያውንም በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው አያዙር።

ሊጣሱ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

እያንዳንዱ ተማሪ የሚነካው የራሱን ናሙና ብቻ ነው። አንዱ የተጠቀመበትን ጥጥ ወይም ስቴኪኒ ሌላው አይንካ፤ በአፍ የገባው ዕቃ ተመልሶ ወደ ቀለሙ ጠርሙስ አይግባ። አፉ ውስጥ ቁስል ያለበት፣ ድዱ የሚደማ ወይም ጉንፋን የያዘው ተማሪ ናሙና ሳይሰጥ የጓደኛውን ስላይድ ይመልከት።

«የሰው ሕዋስ ካየን ደም እንይ» የሚል ጥያቄ በየክፍሉ ይነሣል። ጣት ወግቶ ደም መውሰድ በክፍል ውስጥ አይፈቀድ። ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በደም የሚተላለፉ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ትምህርትም ቢሆን ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክለሱን ስለሚያጣ፣ የሕዋስን መሠረታዊ አሠራር ለማሳየት ከጉንጭ ሕዋስ ያነሰ ነው።

በመስታወት ብርሃን የሚሰበስብ ማይክሮስኮፕ ከሆነ ያለዎት፣ መስታወቱን ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አያዙሩት። በሌንስ ተሰብስቦ የሚመጣ የፀሐይ ጨረር የዓይንን ሬቲና በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ጉዳቱም ላይድን ይችላል። መስታወቱ የሚዞረው ወደ ሰማዩ ብርሃን ወይም ፀሐይ ወዳረፈበት ነጭ ግድግዳ ነው።

ደረጃ 1፦ ማይክሮስኮፑን ማሰናዳት

1. ማይክሮስኮፑን በአንድ እጅ ክንዱን፣ በሌላው እጅ መሠረቱን ደግፈው ያምጡ።
2. አይፒሱን (ዓይን የሚጠጋበትን የላይኛውን ሌንስ) እና ኦብጀክቲቮቹን በሌንስ ወረቀት ይጥረጉ። ልብስና ሶፍት በአቧራ ላይ ሲታሹ ሌንሱን ስለሚቧጭሩ፣ መጀመሪያ በአየር መንፊያ አቧራውን ያስወግዱ። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ያርፍበታል።
3. ባለ 4 ኦብጀክቲቩን ወደ መሐል አዙረው ሲቆልፍ ድምፁን ይስሙ።
4. ከስቴጁ (ስላይዱ ከሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መድረክ) ሥር ያለውን የብርሃን መክፈቻ ግማሽ ድረስ ይዝጉት።

ስላይድ ሳያስቀምጡ በአይፒሱ ሲመለከቱ እኩል የበራ ክብ መታየት አለበት። ክቡ ግማሹ ጨለማ ከሆነ ኦብጀክቲቩ በትክክል አልቆለፈም። ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ አይፒሱን በእጅ ያሽከርክሩት፤ ነጠብጣቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው ያለው አይፒሱ ላይ ነው። ይህን አሁን ካላጣሩ በኋላ ነጠብጣቡን ኒውክለስ ብለው ይስሉታል።

መብራት ቢጠፋ ሥራውን አያቋርጡ፤ አምፖሉ ባለበት ቦታ ላይ የስልክ መብራት አስቀምጠው በላዩ አንድ ነጭ ወረቀት ቢያነጥፉ የተለሳለሰ በቂ ብርሃን ይገኛል።

ደረጃ 2፦ ስላይዱን ማጽዳት

ከካርቶን የወጣ አዲስ ስላይድ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ቅባትና ብናኝ አለበት። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው በተጣራ ውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ በአልኮል ወልውለው ጠርዙን ብቻ ይዘው ያድርቁት። ለማረጋገጥ አንድ ጠብታ ሳላይን ያንጠባጥቡበት፦ ጠብታው ጠፍጠፍ ብሎ ከተዘረጋ መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ ድብልብል ብሎ ከቆመ ቅባት ስላለበት በድጋሚ ይጠቡት።

ደረጃ 3፦ አፍን መጉመጥመጥ

ናሙና ሰጪው አፉን በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጦ ይትፋ። ይህ ደረጃ በብዙ ክፍሎች ይዘለላል፤ ውጤቱም ከሕዋስ ይልቅ የዳቦ ፍርፋሪና የቡና ቅንጣት መመልከት ነው። በአካባቢያችን ከሁሉ የሚያሳስተው የጫት ቅጠል ነው። ጫት የቃመ ሰው ቢጉመጠመጥም የቅጠሉ ቁራጭ በጉንጩ ውስጥ ስለሚቀር፣ በስላይዱ ላይ ማዕዘን ያላቸው፣ ወፍራም ግድግዳ የከበባቸው፣ ተደርድረው የተጣበቁ አረንጓዴ ሕዋሳት ይታያሉ። እነዚህ የተክል ሕዋሳት ናቸው። ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን አስቀድመው በግልጽ ይንገሩ፤ የቃመ ተማሪ በዚያ ቀን ናሙና አይስጥ።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን መውሰድ

የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በበርካታ ረድፍ በተነባበሩ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለ ሸፋኝ ኅብረ ሕዋስ ኤፒተሊየም ይባላል፤ ከአያያዥ፣ ከጡንቻና ከነርቭ ኅብረ ሕዋሳት ጋር ሆኖ መላውን አካል ከሚሠሩት አራት መሠረታዊ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከሥር ያሉት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ይከፋፈላሉ፣ ከላይ ያሉት ደግሞ ምግብና ምላስ በነካቸው ቁጥር እየተላቀቁ ይወድቃሉ። እኛ የምንወስደው ሊወድቁ የተዘጋጁትን ስለሆነ ሥራው ማመም የለበትም።

1. በስላይዱ መሐል አንድ ትንሽ ጠብታ ሳላይን ያድርጉ። ጠብታው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ናሙናው በእጅ እያለ ጠርሙስ ሲፈለግ ይደርቃል።
2. በጥጡ ወይም በስቴኪኒው ጠፍጣፋ ጎን የጉንጩን ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ያሻሹ። በስቴኪኒው ሹል ጫፍ አይቧጩ።
3. ጥጡን በሳላይኑ ጠብታ ውስጥ ክብ እየሠሩ ያሽከርክሩት፤ አንድ ዙር ወይም ሁለት ዙር ይበቃል።
4. ጥጡን ወዲያውኑ በደረጃ 11 እንደተጻፈው አስቀድሞ የተቀጠነ በረኪና ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጣሉት። ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት።

ጠብታው በጥቂቱ ደብዘዝ ካለ መጠኑ ትክክል ነው። ነጭ ጓል ከታየ ናሙናው በዝቷልና በሌላ ንጹሕ ስቴኪኒ ያሰራጩት ወይም ከጠብታው ግማሹን በሶፍት ጫፍ ያንሡት። ሕዋሳት ተደራርበው ከተቆለሉ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው አይለይም፤ ብርሃንም አያሳልፉም። ተማሪዎች «ብዙ ከወሰድኩ ብዙ አያለሁ» ብለው ያስባሉና ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ ማቅለም

ያልቀለመ የጉንጭ ሕዋስ ብርሃንን እንዳለ ስለሚያሳልፍ ከውሃው ለመለየት ያስቸግራል። ሜቲሊን ብሉ ወደ አሲዳማ ነገሮች የሚሳብ ቀለም ነው፤ ዲኤንኤ ደግሞ አሲድ ስለሆነ ቀለሙን በብዛት ይይዛል። ኒውክለሱ ጠቁሮ፣ በዙሪያው ያለው የሕዋሱ ክፍል፣ ሳይቶፕላዝም፣ ፈዘዝ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቀጭኑ ቀለም አንድ ትንሽ ጠብታ በናሙናው ላይ ያድርጉና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሰዓት ይዩ፤ በግምት አይሥሩ።

ደረጃ 6፦ መሸፈን

1. ከቨር ስሊፑን በጠርዙ ይያዙ።
2. አንዱን ጠርዝ ከጠብታው አጠገብ ስላይዱ ላይ በ45 ዲግሪ ያሳርፉ።
3. ሌላውን ጠርዝ በስቴኪኒ ደግፈው ቀስ እያሉ ዝቅ ያድርጉት፤ ፈሳሹ አየሩን እየገፋ ይወጣል።
4. የተረፈውን ፈሳሽ በሶፍት ጫፍ ከጠርዙ ይምጠጡ። በጣት አይጫኑ፤ ሕዋሱ ይጨፈለቃል፣ ከቨር ስሊፑም ይሰበራል።

ቀለሙ ከበዛ ስላይዱን አይጣሉት። በከቨር ስሊፑ ቀኝ ጠርዝ አንድ ጠብታ ሳላይን ያድርጉ፣ በግራው ጠርዝ ሶፍት ያስጠጉ። ሶፍቱ ሰማያዊውን ሲመጥ ሳላይኑ ይተካዋል። ጀርባው ነጭ እስኪሆን ይደጋግሙት። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ መምህር ቢኖር ይህን ይያዝ፤ የተበላሹ የሚመስሉ ስላይዶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ይድናሉ።

አረፋ ከገባ ጥቂት ከሆነ ይተዉትና ሌላ ቦታ ይመልከቱ። ከመሐል ትልቅ አረፋ ካለ ከቨር ስሊፑን በአንድ ጎን አንሥተው፣ አንድ ጠብታ ሳላይን ጨምረው እንደገና ያውርዱት።

የሙቀት ጊዜ ከሆነ በከቨር ስሊፑ አራቱም ጠርዞች ላይ በስቴኪኒ ጫፍ ቀጭን የቫዝሊን መስመር ያድርጉ። ይህ ትነትን ስለሚያግድ በድሬዳዋ ቀትር እንኳን ሥዕሉን ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ቫዝሊኑ ከላይ ወደ መሐል እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ የባለ 40ን ሌንስ ከነካ ምስሉ ሁሉ ይደበዝዛል። ቫዝሊን ካልተጠቀሙ በየጊዜው በጠርዙ ግማሽ ጠብታ ሳላይን ይጨምሩ።

ደረጃ 7፦ መመልከት

1. ከቨር ስሊፑ ወደ ላይ ሆኖ ስላይዱን በስቴጁ ላይ ያስቀምጡና በመያዣው ያጥብቁ።
2. በባለ 4 ይጀምሩ። ከጎን እያዩ ስቴጁን በትልቁ ማስተካከያ ወደ ላይ ያቅርቡ፣ ከዚያ በአይፒሱ እያዩ ቀስ ብለው ያራርቁ። በአይፒስ እየተመለከቱ ማቅረብ ሌንሱን ከስላይዱ ጋር ያጋጫል።
3. ምስሉ እስኪጠራ ያስተካክሉ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ፈዛዛ ሰማያዊ ብናኝ ነው። ሕዋሳቱ ሳሳ ብለው የተበተኑበትን ቦታ መርጠው ወደ መሐል ያምጡ። ማይክሮስኮፕ ምስልን ስለሚገለብጥ ስላይዱን ወደ ቀኝ ሲገፉ ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል።
4. ወደ ባለ 10 ያዙሩና እንደገና ያጥሩ። አሁን እያንዳንዱ ሕዋስና መሐሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ነጥብ መለየት አለበት። ካልተለየ ወደ ባለ 40 አይሂዱ።
5. የመረጡትን ሕዋስ ወደ መሐል አምጥተው ባለ 40ን ያዙሩ። ከዚህ በኋላ የሚነካው ትንሹ ማስተካከያ ብቻ ነው።

አይፒሱ ባለ 10 ከሆነ ጠቅላላው ማጉላት ከኦብጀክቲቩ ጋር ተባዝቶ 40፣ 100 እና 400 እጥፍ ይሆናል።

ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ምንም ካልታየ መጀመሪያ የብርሃን መክፈቻውን ይዝጉ። አንባቢ ይህን ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ይሞክረው፤ በድሬዳዋ ብርሃን በሞላበት ክፍል ውስጥ ሕዋስ የሚጠፋው በጨለማ ሳይሆን በብርሃን ብዛት ነው። መክፈቻው ሲጠብ የሕዋሱ ጠርዝ ጥላ ያበጅና ይወጣል። በባለ 10 ጠርቶ የነበረው በባለ 40 ጨርሶ ካልጠራ ስላይዱ ተገልብጦ ተቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ባለ 40 ሌንስ የተሠራው ከቨር ስሊፕን በሚያህል፣ 0.17 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ቀጭን መስታወት ውስጥ ለመመልከት ስለሆነ በወፍራሙ ስላይድ ጀርባ በኩል ሊያጠራ አይችልም። ባለ 100 ኦብጀክቲቭ ለብቻው የተዘጋጀ ዘይት ስለሚፈልግ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ የምግብ ዘይት በሌንስ ላይ ማድረግ ሌንሱን ያበላሻል።

ደረጃ 8፦ የሚታየውን መለየት

አሁን ከፊትዎ ያለው ሕዋስ ወርዱ ወጥ ያልሆነ፣ ስስ፣ ጠርዙ አንዳንድ ቦታ የታጠፈ ነገር ነው። በመጽሐፍ እንደሚሳለው ክብ አይደለም። ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ።

ኒውክለስ፦ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ጥቁር ሰማያዊ የቀለመው ነው። የሕዋሱን ዲኤንኤ የያዘው እሱ ነው፤ በሰው የአካል ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። ክሮሞሶሞቹን ግን እዚህ አያዩአቸውም፤ ተጠቅልለው ለየብቻ የሚታዩት ሕዋሱ በሚከፋፈልበት ጊዜ ነው፣ እኛ የወሰድነው የላይኛው ረድፍ ደግሞ መከፋፈል ያቆመ ነው።

ሳይቶፕላዝም፦ ከኒውክለሱ እስከ ጠርዙ ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ ክፍል ነው። ጥቃቅን ቅንጣቶች የበዙበት ይመስላል።

የሕዋሱ ጠርዝ፦ ሕዋሱ የሚያልቅበትን መስመር ያያሉ። ሜምብሬን የሚባለው ሽፋን ራሱ ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር (1 ናኖሜትር የ1 ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የማይበልጥ ሲሆን፣ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ርቀት 200 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሚታየው የሽፋኑ ቦታ እንጂ ሽፋኑ አይደለም። በሥዕልዎ ላይ ጠርዙን በአንድ መስመር ያመልክቱ፤ በሁለት መስመር የተሳለ ጠርዝ ውፍረት ያለው ግድግዳ አየሁ ማለት ነው፣ የሰው ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በሕዋሱ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣቦችና ሰረዞች ሲያዩ «ራይቦሶም» ወይም «ማይቶኮንድሪያ» (በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አካላት) ብለው ይጽፋሉ። ራይቦሶም 25 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ ማይክሮስኮፕ ከሚለየው ስምንት ጊዜ ያህል ያንሳል። ማይቶኮንድሪያም ተለይቶ እንዲታይ ለእሱ የተመረጠ ሌላ ቀለም ያስፈልገዋል። ያዩአቸው ነጠብጣቦች በአፍ ውስጥ የሚኖሩ፣ አንድ ማይክሮሜትር (የ1 ሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ የሆኑ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከሕዋሱ ጠርዝ ውጭም ስለሚገኙ በዚህ ይለዩአቸዋል። ባክቴሪያ መኖሩ ጤናማ አፍ ላይም የሚጠበቅ ነው፤ ተማሪው እንዳይሸማቀቅ ይንገሩት።

ከሕዋስ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ፍጹም ክብ ሆኖ ወፍራም ጥቁር ቀለበት ያለው የአየር አረፋ ነው። ረጅም፣ የተጠማዘዘና ከእይታው ዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው የጥጥ ክር ነው። ስለታም ጫፍ ያለው ጥቁር መርፌ መሳይ ነገር ያልተጠለለ የቀለም ክሪስታል ነው። ከጉንጭ ሕዋስ በጣም ያነሰ፣ ክብና ኒውክለሱ ሁለት ሦስት ቦታ የተከፋፈለ የሚመስል ሕዋስ ካገኙ ከድድ በኩል የወጣ ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ይህንንም ለይተው ይሳሉት፣ ጥሩ ግኝት ነው።

ደረጃ 9፦ መጠኑን መገመት

1. በባለ 4 ኦብጀክቲቭ ግልጽ ማስመሪያ ከስቴጁ ላይ አስቀምጠው የሚታየውን ክብ ስፋት ይለኩ። ለምሳሌ 4.5 ሚሊሜትር ይሁን።
2. በ400 እጥፍ የሚታየው ክብ ከዚያ 10 ጊዜ ስለሚጠብ 0.45 ሚሊሜትር፣ ማለትም 450 ማይክሮሜትር ይሆናል።
3. በክቡ ወርድ ላይ ያዩት ዓይነት ሕዋስ ጎን ለጎን ስንት እንደሚገባ ይገምቱ። 7 ከሆነ፣ 450 ለ7 ሲካፈል የአንዱ ስፋት 64 ማይክሮሜትር ያህል ነው።
4. በአንድ ሕዋስ ወርድ ውስጥ ስንት ኒውክለስ እንደሚደረደር ይገምቱ። 8 ከሆነ ኒውክለሱ 8 ማይክሮሜትር ነው።

የጉንጭ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ማይክሮሜትር ይሰፋል። ውጤትዎ 600 ወይም 6 ከሆነ በማካፈሉ ላይ ዜሮ ተሳስቷል፤ ወደ ቁጥር 2 ይመለሱ።

ደረጃ 10፦ መሳል

በእርሳስ ብቻ ይሳሉ። አንድ ወይም ሁለት ሕዋስ መርጠው የገጹን ግማሽ እንዲይዝ አድርገው በአንድ ጥርት ያለ መስመር ይሳሉ፤ ጥላ አያድርጉ፣ ቀለም አይቀቡ። የስም መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይቋረጡ በማስመሪያ ይሠመሩ፣ ጫፋቸውም የሚጠሩትን ክፍል ይንካ። ከሥር የናሙናውን ዓይነት፣ የቀለሙን ስም፣ የተመለከቱበትን ማጉላትና ቀኑን ይጻፉ። የሥዕሉን የራሱን ማጉላት ለማግኘት የሥዕሉን ስፋት ለእውነተኛው ስፋት ያካፍሉ፦ 96 ሚሊሜትር ወይም 96,000 ማይክሮሜትር የሆነ ሥዕል፣ 64 ማይክሮሜትር ለሆነ ሕዋስ፣ 1,500 እጥፍ ነው።

ያላዩትን አይሳሉ። መምህራንም ቢሆኑ በዚህ ማይክሮስኮፕ የማይታዩት ጎልጂ አካል (ሌላው የሕዋስ ውስጥ አካል) እና ማይቶኮንድሪያ ለተሳሉበት ሥዕል ነጥብ አይስጡ፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ተማሪው ከማይክሮስኮፑ ይልቅ መጽሐፉን እንዳየ ያሳያልና። ሦስት ክፍሎች ብቻ የተሰየሙበት፣ ጠርዙ የታጠፈና ባክቴሪያ የሰፈረበት ሥዕል የተሻለ ሥራ ነው።

ደረጃ 11፦ ማስወገድና ማጽዳት

1. 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ያቅጥኑ። 5 በመቶ የነበረው በረኪና 0.5 በመቶ ይሆናል። በረኪና በሙቀት ኃይሉን ስለሚያጣ የተቀጠነውን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፣ ጠርሙሱንም ከፀሐይ ያርቁ።
2. ስላይዶቹን፣ ከቨር ስሊፖቹንና ጥጦቹን በሙሉ ለ10 ደቂቃ ያጥልቁ። በረኪናን ከአልኮል፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል።
3. ጓንት አድርገው ስላይዶቹን ያውጡ፣ በሳሙና አጥበው ያድርቁ። የተሰበረ መስታወት ለብቻው በካርቶን ይታሸግ።
4. ጠረጴዛውን በተቀጠነው በረኪና ይጥረጉ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
5. ባለ 4 ኦብጀክቲቩን ወደ መሐል መልሰው ስቴጁን ዝቅ ያድርጉ፣ ባለ 40 ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ይጥረጉ። አምፖሉ ከቀዘቀዘ በኋላ አቧራ እንዳይገባ ማይክሮስኮፑን በመሸፈኛው ሸፍነው ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሱ።